ጅብ ያልበላው፣ ጎርፍ ያልወሰደው

የእህቴ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ነው። አንድ እሑድ ፋሲል ግቢ ይዤው ገባሁ። የግንቡን ድንጋይ በመዳፉ ሲዳብስ ቆየና ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ አጥንት አለ?» አለኝ። ያን ሰሞን ስለ ድንቅነሽ ተምረው ኖሯል።

«የለም» አልኩት።

«ለምን? አፋር አለ አይደል? እኛ ጋ ለምን የለም?»

ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ ትልልቆቹም ይጠይቁታል። ቡና ላይ የቅሪተ አካል ወሬ ከተነሳ ነገሩ ሁሉ አፋር ነው። ድንቅነሽ አፋር፣ ሰላም አፋር፣ አርዲ አፋር። የጎንደር ሰው ደግሞ በታሪክ ሲበለጥ ዝም ብሎ አያይም። አንዱ ጎረቤታችን «እኛ ጋም ሞልቷል፣ የሚቆፍር ጠፍቶ ነው» እያለ ይከራከራል። ግማሹ እውነት አለው። ሌላውን ግማሽ ያው የግንቡ ጥቁር ድንጋይ ራሱ ይመልስለታል።

ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁር ድንጋይ ፍለጋ አልተንከራተተም። ከተማው የተቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው። ይህ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው ክፍል ከምድር ውስጥ በወጣ ቅልጥ አለት ተጥለቀለቀ። ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፣ በላዩ ላይ ሌላ ፈሰሰ። አንዳንድ ቦታ ክምሩ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የሰሜን ተራራም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ነገር ሣርም አጥንትም ቢያገኝ ያነደዋል እንጂ አያስቀምጥም። ግንቡ ውስጥ አጥንት የሌለው ለዚህ ነው።

የእሳተ ገሞራ አመድ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አመድ ከሰማይ እንደ ዱቄት ይወርዳል። ያገኘውን ሳያቃጥል ይቀብራል። ቅልጡ የሚያጠፋውን አመዱ ያኖረዋል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ወዳለው ጭልጋ ስንወርድ ያስፈልገናል።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ሰው ቅሪተ አካል ሲባል፣ የሞተ ሁሉ አፈር ውስጥ የሚጠብቀን ይመስለዋል። አዘዞ ዳር አንድ አህያ ሞቶ አይቼ አውቃለሁ። ማታ ሙሉ አህያ ነበር። ሌሊቱን ጅቦቹ ሲጮሁ አደሩ። ጠዋት ሳልፍ የቀረው የተረገጠ ሣር፣ አንድ ሰኮናና የመንጋጋ ስብራት ነው። በሳምንቱ ሰኮናውም የለም። ጅብ አጥንት ያደቃል። የተረፈውን አሞራ ይለቅመዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ የክረምት ጎርፍ ይጠርገዋል። በምድር ላይ ኖረው ከሞቱት እንስሳት አብዛኞቹ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ምንም አልተውም።

ቅሪተ አካል እንግዲህ ከዚህ ያመለጠው ነው። እንስሳው ወንዝ ዳር ወይም ሐይቅ ዳር ይሞታል። ጅብ ሳይደርስበት ደለል ወይም አመድ ይለብሰዋል። አየር ስለማያገኘው ቶሎ አይበሰብስም። ከዚያ ውሃ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ማዕድን ይዞለት ይመጣል። ማዕድኑ በአጥንቱ ቀዳዳዎች ይገባል፣ ቀስ በቀስም የአጥንቱን ቦታ ይይዛል። ቅርጹ አጥንት፣ ክብደቱ ድንጋይ ይሆናል። ከሁሉ ይበልጥ የሚተርፈው ጥርስ ነው፤ ልባጩ ከሰውነታችን ሁሉ የጠነከረው ክፍል ነውና። የብዙ ጥንታዊ እንስሳት ስም የተጻፈው በአንድ እፍኝ ጥርስ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትንሽ ሳቅኩ። «በጥርስ ብቻ?» አልኩ። ግን ጥርስ ብዙ ይናገራል። የቅጠል በሊታና የሣር በሊታ ጥርስ የሚያልቀው በተለያየ መልክ ነው። በልባጩ ውስጥ ያለው የካርቦን ዓይነት እንኳ እንስሳው ሲግጥ የኖረው ሣር ይሁን የዛፍ ቅጠል ይለያል።

ዕድሜውስ እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጠራጠረው። «28 ሚሊዮን ዓመት ሲሉ ማን ቆጥሮላቸው ነው?» ይላል። ይጠይቅ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሞሰቡን እንይ። እንጀራ ሲጋገር ቀድሞ የወጣው ከታች ይሆናል፣ የመጨረሻው ከላይ። ሞሰቡን የከፈተ ሰው ጋጋሪዋን ሳይጠይቅ የትኛው እንደቀደመ ያውቃል። የምድር ንጣፍም እንደዚሁ ነው። ደለል በደለል ላይ፣ አመድ በደለል ላይ። ከታች ያለው ይቀድማል። አንዳንዴ መሬት ትታጠፋለች፣ ትሰነጠቃለች፣ ሞሰቡን ትገለብጠዋለች። የሥነ ምድር ሰዎች ያንን ለማየት ነው ገደል ለገደል የሚንከራተቱት።

ሞሰቡ ግን የሚነግረን ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው፣ ሰዓቱን አይደለም። ሰዓቱን የሚነግረን ቡናው ነው። ዘግይታችሁ ቡና ላይ ደረሳችሁ እንበል። አንድ ፉት ስትሉ አቦል ይሁን ቶና ወይስ በረካ ላይ እንደደረሰ ምላሳችሁ ያውቃል። ስንት ዙር እንዳመለጣችሁ ማንም አይነግራችሁም፣ ቅጥነቱ ይነግራችኋል። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ አንድ ዓይነት ጠባይ አለው፦ በራሱ ጊዜ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርገን ጋዝ ይሆናል። ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቅልጥ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ግን በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚወለደው አርገን ውስጥ ይታሰራል። መቅለጡ አዲስ ቡና እንደተጣደ ነው፤ ቆጠራው ከአቦል ይጀምራል። ምሳሌዬ አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ቡና እንደ አፍዪዋ እጅ ይለያያል። ፖታሲየም ግን የማንንም እጅ አያይም፤ ሙቀትም ሆነ ብርድ ፍጥነቱን አይለውጠውም።

ስለዚህ አጥንቱን ሳይሆን በላዩና በታቹ ያለውን አመድ ይለካሉ። የታችኛው አመድ 28 ሚሊዮን፣ የላይኛው 27 ሚሊዮን ዓመት ከሆነ፣ አጥንቱ በመካከል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የካርቦን 14 መለኪያ እዚህ አይሠራም። እሱ በ5,730 ዓመት በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ወዲያ የሚቀመስ ነገር አይተውም።

አሁን ወደ ጭልጋ።

ከጎንደር ወጥታችሁ አዘዞ ላይ የመተማን መንገድ ከያዛችሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ አይከል ትደርሳላችሁ። የጭልጋ ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ የጓንግ ወንዝና ገባሮቹ ምድሩን ሲሸረሽሩ የሚያወጡት አፈር ከግንቡ ድንጋይ ጋር አይመሳሰልም። ሸክላ አፈር አለው፣ የአመድ ንጣፍ አለው፣ ከሰል አለው። ከሰሉን የአካባቢው ሰው በደንብ ያውቀዋል። ከሰል ካለ ደግሞ ጫካ ነበረ ማለት ነው። ረግረግ ውስጥ የወደቀ፣ ሳይበሰብስ የተቀበረ ጫካ።

ጊዜውን አስተውሉ። ትልቁ የቅልጥ ጎርፍ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የጭልጋው ጫካ ከ28 እስከ 27 ሚሊዮን ዓመት። ግንባችን የተሠራበት ዓይነት አለት ከቀዘቀዘ በኋላ አፈር ለበሰ፣ ውሃ ተኛበት፣ ደን በቀለበት። ከዚያ እሳተ ገሞራው እንደገና አመዱን አራገፈ። የዛፍ ጉቶዎች እንደቆሙ ተቀበሩ። ቅጠሎች በጭቃው መሐል እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጭነው ቀሩ፤ የቅጠሉ ሥር እንኳ ይቆጠራል። ከእነዚህ ውስጥ ዘንባባ መሰል ዛፎች ብዙ ናቸው። ሌሎቹ ዛሬ ዘመዶቻቸው በምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ደኖች የሚገኙ ናቸው። ዛሬ በበጋ አቧራ የሚነሳበት ጭልጋ ያኔ ርጥብና ሞቃት ጫካ ነበር።

በዚያ ጫካ ማን ይኖር ነበር? የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፔልማንና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ያገኙትን በታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። አንደኛው አርሲኖይቴሪየም ነው። አውራሪስ ይመስላል፣ አውራሪስ ግን አይደለም። አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ እንደ አውራሪስ አንዱ ከአንዱ ኋላ አይደለም። ዛሬ በምድር ላይ አንድም ተወላጅ የለውም። ቀድሞ የታወቀው ከግብፅ ፋዩም ነበር። ጭልጋ ላይ መገኘቱ እስከዚያ ዘመን እንደቆየ አሳየ።

ከዝሆን ወገን ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም የተገኘው። የድሮዎቹም አሉ፣ አዲስ የመጡትም አሉ። አንዱ ስሙን ከእኛው አገር ወስዷል፦ ጭልጋቴሪየም። «የጭልጋ አውሬ» እንደ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፣ የወጣለትም በጥርሶቹ ነው። ዳይኖቴሪየም ከሚባሉት፣ ጥርሳቸው ከታችኛው መንጋጋ ወደ ምድር ከሚቆለመመው ግዙፍ የዝሆን ዘመዶች ሁሉ የቀደመው እሱ ነው። ከኋለኞቹ ግን በቁመናው በጣም ያንሳል። ለጎረቤቴ ይህን ስነግረው ደረቱን ነፋ። በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይ ጭልጋ የሚል ስም ያለው ፍጡር አለ። ሙግቱ ግማሽ እውነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ ያልተገኘው ነው። በጭልጋ አፈር ውስጥ አጋዘን የለም። ቀጭኔ የለም። አውራሪስ የለም። ከድመት ወገን የሆነ የለም። የሜዳ አህያማ ወገኑ ሩቅ ነው፤ ወደ አፍሪካ ሲገባ ገና ብዙ ሚሊዮን ዓመት ይቀረዋል። «የአፍሪካ እንስሳ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ ከሚሉን ብዙዎቹ በዚያ ጫካ አልነበሩም።

አንድ ጥርስ አለመገኘቱ ምንም አይደለም፤ ጅብ በልቶት ይሆናል። አንድ ሙሉ ወገን ከብዙ ቦታ ሲጠፋ ግን ምክንያት አለው። ያኔ አፍሪካና ዐረቢያ አንድ ላይ ሆነው እንደ ትልቅ ደሴት በባሕር ተከበው ነበር። ቀይ ባሕር ገና አልተከፈተም፤ ከእስያና ከአውሮፓ ጋር ደግሞ የሚያገናኝ ምድር አልነበረም። ውስጥ የነበሩት፣ እነ ዝሆን፣ እነ ሽኮኮ፣ እነ አርሲኖይቴሪየም፣ ለብቻቸው ተዋልደው በዙ። ከ24 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ምድሩ ከእስያ ጋር ሲጋጠም በሩ ተከፈተ። ዝሆኖች ወጡ፤ ተወላጆቻቸው ሳይቤሪያና አሜሪካ ድረስ ዘለቁ። የአጋዘን፣ የቀጭኔ፣ የአውራሪስ፣ የድመት ወገን ቅድመ አያቶች ደግሞ ገቡ። ዝሆን የአገሩ ሰው ነው፣ የቀጭኔ አያት እንግዳ ነው። የአንበሳም አያት እንዲሁ መጤ ነው፤ በነገሥታቱ ከተማ ይህን ጮክ ብዬ አልናገርም።

የጭልጋ አጥንት ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ያለው የአፍሪካ ታሪክ ገጹ የተቀደደ መጽሐፍ ነበር። በፊት ማን እንደነበረ ከግብፅ ይታወቃል፣ በኋላ ማን እንደመጣ ከምሥራቅ አፍሪካ ይታወቃል። በመሐሉ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ባዶ። የዝሆን ወገኖች መልካቸውን የለወጡት እንግዶቹ ከመጡ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ጭልጋ መለሰ፦ በፊት፣ እዚሁ።

ሽኮኮን ሳልጠቅስ ብሄድ አዝናለሁ። ሰሜን ተራራ የሄደ ሁሉ አይቶታል። ዳዊት የደገመም በመዝሙሩ ውስጥ ከድንጋይ ጋር ያውቀዋል። ጥንቸል የሚያክል፣ ቋጥኝ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ። የዝሆን ዘመድ ነው ብላችሁ ለሰው ብትነግሩ ያሾፋችሁ ይመስለዋል። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን ጣቶቹ ጥፍር የሚመስል ጠፍጣፋ ሰኮና አላቸው። የላይኛው ፊት ጥርሱ እንደ ዝሆን ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የዘር ምርመራውም ይህንኑ ይላል። ቅሪተ አካሉ የሚጨምረው ነገር ደግሞ አለ፦ በጭልጋው ዘመን ሽኮኮዎች በዓይነትም በመጠንም ብዙ ነበሩ፣ ከዛሬው እጅግ የገዘፉ ነበሩባቸው። ዛሬ አጋዘን የሚሠራውን ሥራ ያኔ ሽኮኮ ይሠራው ነበር። እንግዶቹ ከመጡ ወዲያ ወገኑ እየሳሳ ሄደ። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ዓይነቶች በቋጥኝና በዛፍ ላይ ናቸው።

ጭላዳም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቀኑን ሙሉ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሣር የሚነጭ። ዛሬ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የለም። ቅሪተ አካሉን ብታዩ ግን ዘመዶቹ ከደቡብ አፍሪካ እስከ አልጄሪያ ተዘርተዋል፣ ስፔንና ሕንድም ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ ወንዶች ከዛሬው ወንድ ጭላዳ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይከብዱ ነበር። ድንቅነሽ በኖረችበት በሐዳርም ሞልተዋል። ሰሜን ተራራ፣ ሳንቃበር ላይ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ያ መንጋ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ የመጨረሻ ቤት ነው።

ይህን ቡና ላይ ሳወራ ጎረቤታችን እትዬ አላስጨረሱኝም። «እና አሁን እኛ ከዝንጀሮ ነን ልትለኝ ነው?» አሉ ረከቦቱን ገፋ አድርገው።

«አይደለም እትዬ» አልኳቸው። «እርስዎ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የለ? የአክስትዎ ልጅ አያትዎ ናት?»

«ምን ማለትህ ነው!»

«አያት ትጋራላችሁ እንጂ አያትዎ አይደለችም። ጭላዳም እንደዚያ ነው። ቤቱ ሰባት ሳይሆን ሚሊዮን ነው፣ ሌላ ልዩነት የለውም።»

የእኛና የጭላዳ መስመር የሚገናኝበት የጋራ ቅድመ አያት ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ነው። ያ የጭልጋው ጫካ የቆመበት ዘመን ነው። ከቺምፓንዚ ጋር የምንገናኝበት ደግሞ በጣም ቅርብ ነው፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቤት የሚቆጥርልን አፋር ነው። አርዲ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ናት። መሬት ላይ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፣ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን ተከፍቶ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት፣ የተገኘችውም ኅዳር 1974 እ.ኤ.አ. ነው። የአፅሟ 40 በመቶ ያህል ተርፏል። የጭኗ አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፍጡር ምልክት ነው። የወገኖቿ አንጎል ግን የእኛን አንድ ሦስተኛ ያህል ነበር። እግሩ ቀደመ፣ ጭንቅላቱ ተከተለ። ከመገኘቷ በፊት ብዙ ምሁር በተቃራኒው ይጠብቅ ነበር።

እትዬ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ዘመድ ይሁን ግድ የለም። ሠርግ ላይ እንዳትጠሩብኝ ብቻ» ብለው ቶናውን ቀዱ።

ዝግመተ ለውጥ ግምት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው አንድ ታሪክ አለኝ። ከ385 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሉ ድንጋዮች ዓሣ አለ፣ በየብስ የሚሄድ ባለ አራት እግር አጥንት ግን አልተገኘም። 365 ሚሊዮን ላይ ባለ አራት እግሮቹ አሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ መሐሉን ያዙ። 375 ሚሊዮን ዓመት የሆነው፣ ድሮ ጥልቀት የሌለው ወንዝ የነበረ ድንጋይ የት አለ ብለው ካርታ አዩ። ሰሜን ካናዳ፣ በረዶ አገር። ዓመት ለዓመት እየተመላለሱ ፈለጉ። በ2004 እ.ኤ.አ. አገኙት። ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ፤ ነገር ግን አንገት አለው፣ በክንፉ ውስጥም የክንድና የእጅ አንጓ አጥንት ጅምር አለው። ቲክታሊክ ብለው ሰየሙት። ምን እንደሚገኝ፣ የት እንደሚገኝ ቀድሞ ተነግሮ፣ ተቆፍሮ ተገኘ። ግምት እንዲህ ሲገጥም እኔ አላየሁም።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ከአይከል ወደ መተማ ቁልቁል ስትወርዱ ሌላ ገጽ አለ። ሽንፋ ወንዝ አጠገብ፣ ከ74,000 ዓመት በፊት ሰዎች ሰፍረውበት የነበረ ቦታ ተቆፍሯል። ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ወጣ። እነዚህ እንደኛው ዓይነት ሰዎች ናቸው። የተውት የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ የዓሣ አጥንት፣ የታረደ እንስሳ አጥንትና ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለት ነው። ስለቶቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም። በአፈሩ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ቅንጣቶች ተገኙ። ኬሚካላቸው ሲመረመር ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ኢንዶኔዥያ ሱማትራ ላይ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ ሆኑ። የዚያ ፍንዳታ ብናኝ መተማ ድረስ መጥቶ ወድቋል።

ብዙዎች ያ ፍንዳታ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ደርሶ ነበር ይሉ ነበር። የሽንፋው አፈር ሌላ ይናገራል። ከብናኙ በላይ ባለው ንጣፍ የሰጎን እንቁላሉ ቅርፊት ድርቅ እንደበረታ ያሳያል። የዓሣ አጥንቱ ግን በዛ። ወንዙ ሲደርቅ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፣ ዓሣውም እዚያ ይታጎራል። ሰዎቹ አልሸሹም፣ ኩሬውን ተከትለው አጠመዱ። ዛሬም በቆላው የበጋ ወንዝ ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው፣ ሰው ከአፍሪካ የወጣው በርጥብ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባሉ ወንዞች ከኩሬ ኩሬ እየተሳበ በድርቅም ሊሆን ይችላል አሉ። የሽንፋ ውሃ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው።

በሕጉ ቅሪተ አካል የአገር ቅርስ ነው። ያገኘ ሰው ሳይነካ ለባህል ቢሮ ማሳወቅ አለበት። ይህ የቢሮክራሲ ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሞሰቡን አስታውሱ። ከመሐል የተመዘዘ እንጀራ ስንተኛ እንደነበረ ማንም አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ከአይከል ስንመለስ መንገድ ዳር ሻይ ለመጠጣት ቆምን። የቤቱ በር በንፋስ እንዳይዘጋ በአንድ ቁራጭ ጉቶ ተደግፏል። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል አልቻልኩም። እንጨት መስሎኝ ድንጋይ ነው። ቀዝቃዛ። ጫፉ ላይ የእንጨቱ ጭረት አንድ በአንድ ይታያል፣ ቅርፊቱ የተላጠበት ቦታ እንኳ ይለያል። ባለቤቱን ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው።

«ኧረ እኔንጃ» አሉ። «አባቴ ናቸው ያመጡት። ከወንዝ ነው ሲሉ ነበር።»

«ከየትኛው ወንዝ?»

ሳቁ። «እሳቸው የሉ፣ ማንን ልጠይቅልህ?» አሉና ጉቶውን በእግራቸው ገፋ አድርገው በሩን አስደገፉት።